ሳይቆጠር እሳት የገባው ብረት

ረቡዕ ጠዋት አጉባጩ ወጥ ቤት ጠረጴዛው አጠገብ ተቀምጦ፣ በቀኝ እጁ የያዛትን የላስቲክ ኳስ እየጨመቀ ሲቆጥር፣ ሰባት ላይ ደርሶ ቀጥ አለ። "ስምንት" ማለት ነበረበት። ሚስቱ ከምድጃው ዞር ብላ ጠበቀችው። እሱ ግን ኳሷን እንደ ጨበጠ ግድግዳ ግድግዳውን እያየ ቀረ።

"ደከመህ?" አለችው።

"አይ፣ ሐሳብ ገብቶብኝ ነው።"

ሐሳብስ ገብቷል። ያውም እንግዳ ሆኖ ሳይሆን እንደ ባለቤት ዘው ብሎ ነው የገባው። ቅዳሜ ዕለት፣ የሚስቱ ወንድም የሚነዳውን የተማሪዎች አውቶቡስ ባሌስትራ እሳት ውስጥ ከመክተቱ በፊት ነጥቦቹን ቆጥሯል ወይስ አልቆጠረም? ይህችን አንዲት ነገር ሊያስታውስ ሞከረ። የጋለውን ብረት ቀለም ያስታውሳል። የመዶሻውን ድምፅ፣ የዘይቱን ጭስ፣ የአማቹን ሳቅ ሁሉ ያስታውሳል። ከእሳቱ በፊት ያለችው ቦታ ላይ ሲደርስ ግን ምንም የለም።

አጉባጩ የሚለውን ስም ያወጡለት ሾፌሮች ናቸው። ከሰላሳ ዓመት በላይ ሥራው አንድ ነው፤ የተኛ ባሌስትራ መልሶ ማጉበጥ። ባሌስትራ ማለት ከመኪና ሆድ ሥር ተደራርበው የታሰሩት ጎባጣ ብረቶች ናቸው። ጭነት ሲመጣ ዝርግ፣ ጭነት ሲወርድ ጎበጥ እያሉ ዓመታት ይከርማሉ፤ አንድ ቀን መመለሱ ያቅታቸውና ተዘርግተው ይቀራሉ። ያኔ ባሌስትራው ተኛ ይባላል። አጉባጩ ብረቱን ፈትቶ ያግለዋል፣ በመዶሻ ወደ ድሮ ቅርጹ ይመልሰዋል፣ ዘይት ውስጥ ይነክረዋል፣ ከዚያ እንደገና በልኩ አሙቆ ቀስ ብሎ እንዲቀዘቅዝ ይተወዋል። ብረቱ አዲስ ይመስላል። ይመስላል እንጂ አይደለም፤ የተሸከመውንም ጭነት የገባበትንም እሳት በሆዱ ይዞ ነው የሚመለሰው።

ስለዚህ ጋራዡ ውስጥ አንድ ሕግ አለ። አንድ ብረት እሳት በገባ ቁጥር፣ ጫፉ ላይ ከሥር በኩል፣ በሹል መምቻ አንዲት ነጥብ ትቀመጥበታለች። ሦስት ነጥብ ያለው ብረት ከዚያ ወዲያ እሳት አያይም፤ ተቆርጦ የበር መቀርቀሪያ ይሆናል። ሕጉን ያወጣው አጉባጩን ሥራ ያስተማረው ሽማግሌ ነው። ለምን ሦስት ላይ እንደሚያቆም ሲጠየቅ "አራተኛውን ያየሁት ገደል ውስጥ ነው" ብሎ ሌላ ወሬ ይጀምር ነበር። እናም ነገሩ በተራ ነው የሚሠራው። መጀመሪያ ጭቃው በሽቦ ብሩሽ ይራገፋል፣ ቀጥሎ ነጥቡ ይቆጠራል፣ ከዚያ በኋላ ነው እሳት። አጉባጩ ይህን ተራ ሰላሳ ዓመት ሙሉ አንድ ቀን እንኳ አላዛነፈም፤ ይህንንም ለሰሚው ሁሉ፣ ለማይሰማውም ጭምር ሲናገር ኖሯል።

ከአራት ወር በፊት ግን ሸሚዙን እየቆለፈ ሳለ ቀኝ እጁ እምቢ አለው። አፉም ወደ አንድ ወገን ተጎተተ። ጭንቅላቱ ውስጥ ትንሽ የደም ሥር ተዘግታ ነው አሉት ሐኪሞቹ። ከዚያ ወዲህ ሕይወቱ ኳስ መጨመቅ፣ ገመድ መሳብ፣ ከአንድ እስከ አሥር መቁጠር፣ ማረፍ፣ እንደገና መቁጠር ሆነ። የምታሠራው ፊዚዮቴራፒስት ለስላሳ አነጋገር ያላት፣ ሐሳቧን ግን የማትለውጥ ሴት ናት። "እጅዎ እየተመለሰ ነው" ትለዋለች። "የተበላሸው ቦታ ግን አልተመለሰም። ጭንቅላትዎ በሌላ መንገድ ዞሮ ነው የሚሄደው። ሲደክም ደግሞ ይዋሻል፤ ያላደረገውን አድርጌያለሁ ይልዎታል።" አጉባጩ የመጀመሪያውን ቃል ይዞ ሌላውን ጆሮ ዳባ ልበስ አለ።

ጋራዡን የያዘችው የእህቱ ልጅ ናት። አሥራ አንድ ዓመት አብራው የሠራች፣ የብየዳ መነጽር ግንባሯ ላይ ካልኖረ ራሷን ያመማት የሚመስላት ሴት። አጎቷን ትወደዋለች፤ ስለምትወደውም ታስፈራራዋለች። ከሆስፒታል ወጥቶ ጋራዡ በር ላይ እንደ ቆመ ነው የነገረችው። "መጥተህ ተቀመጥ፣ ደንበኛ ተቀበል፣ ብትፈልግ ስደበኝ። ፊዚዮዋ ፈቀደች እስክትለኝ ድረስ ግን እሳቱን አንድ ቀን ብትነካ፣ እቃዬን ይዤ እሄዳለሁ።" ቀልድ መስሎት ሳቀ። እሷ አልሳቀችም።

ቅዳሜ ዕለት ዘይት ልትገዛ ወጣች፤ እስከ ማታ አትመለስም። ገና ጥግ ሳትዞር የሚስቱ ወንድም ወደ አንድ ጎን ያዘመመ አውቶቡሱን ይዞ ደረሰ። ወንበር የሚሞላ፣ ሲስቅ ሆዱ ቀድሞት የሚስቅ ሰው ነው። "ጋሼ፣ ሰኞ ሠላሳ ሁለት ተማሪ ይጠብቀኛል" አለ። አጉባጩ ወደ መንገዱ አየ፣ ወደ እሳቱ አየ። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው። አማቹ ብሎኖቹን ፈታ፣ ወናፉን ነፋ፤ እሱ መዶሻውን አነሳ። እጁ ታዘዘለት። አራት ወር ሙሉ የሰው እጅ ተሸክሞ የሚዞር ሲመስለው ከርሞ፣ ያን ቀን እጁ የራሱ ሆነለት። ደስታው ሲገልጹት የሚያልቅ አልነበረም። የእህቱ ልጅ ከመመለሷ በፊት እሳቱን አዳፈኑት፣ "ሆድ ይፍጀው" ተባባሉ፤ አውቶቡሱም ቀጥ ብሎ ወጣ።

አሁን ረቡዕ ነው። ኳሷ ጠረጴዛው ላይ ተንከባላ ቆመች።

ለአማቹ ስልክ ደወለ። የአማቹ ስልክ ዝግ ነው። ሰውየው ሕፃናት ጭኖ ስልክ አልነካም ብሎ ከማለዳ እስከ ማታ ያጠፋዋል፤ ይህን ጠባዩን አጉባጩ ራሱ በሰው ፊት ያመሰግነው ነበር። እንደገና ደወለ። የሞኝ ለቅሶ መልሶ መላልሶ ነውና ሦስተኛም ደወለ። ሸሚዙን ቀየረ፣ ደግሞ የበፊቱን መልሶ ለበሰ። ሚስቱ "ቁርስ?" ስትለው "በልቻለሁ" አላት። አልበላም።

ጋራዥ ሄደ። ተቀመጠ፣ ተነሳ። በሩ ድረስ ሄዶ ተመለሰ። ቆጥሬማ ነበር አለ በልቡ። ሰላሳ ዓመት የቆጠረ ሰው ቅዳሜ ምን ሆኖ ይተዋል? ደግሞስ ባልቆጥር፣ ሦስት ነጥብ እንደነበረው በምን ታወቀ? አንድ ሊሆን ይችላል። ምንም ላይኖረው ይችላል። እንዲህ እያለ ራሱን ሲያባብል ግማሽ ሰዓት ያርፋል፤ ከዚያ አውቶቡሱ በየቀኑ የሚወርደው ከትምህርት ቤቱ እስከ ድልድዩ ያለው ቁልቁለት ዓይኑ ላይ ይመጣል፣ እንደገና ይነሳል። ከተደራረቡት ብረቶች ረጅሙ፣ ዋናው፣ ቁልቁለት ላይ ቢሰበር የአውቶቡሱ የኋላ ጎማ ከቦታው ይንሸራተታል፤ መሪውን የያዘው ሰው ደግ ይሁን ክፉ፣ ወፍራም ይሁን ቀጭን ለውጥ የለውም።

ወደ ትምህርት ቤቱ መሄድ ይችል ነበር። እግሩ ትንሽ ይጎተታል እንጂ ታክሲ አይከለክለውም። ያልሄደው ስላልቻለ አይደለም፤ ስለፈራ ነው። ከሄደ ይወራል። ከተወራ የእህቱ ልጅ ትሰማለች። ከሰማች ትሄዳለች፤ እሷ ከሄደች ደግሞ ጋራዡ የለም፣ እሱም ከኳስ ጨማቂነት በቀር ሙያ የለውም። ያኔ ሁሉም "ጭንቅላቱ አልተመለሰም" ይላሉ። ይህን ከመስማት ዝም ማለት ቀለለው። ካፈርኩ አይመልሰኝ የሚሉት እንዲህ ያለውን ነው፤ እኔ ተራኪው ደግሞ ስለ ወደድኩት ብቻ አልምረውም።

"ምን ሆነሃል ዛሬ?" አለች የእህቱ ልጅ። "እንደ ዶሮ ትንቆራጠጣለህ።"

"ወገቤን ይዞኝ ነው። ስንቀሳቀስ ይሻለኛል።"

"እጅህ ነው ወገብህ የታመመው?"

"ሁሉም ጎረቤት ነው፤ አንዱ ሲያመው ሌላው ይጠይቀዋል።"

ሳቀችና ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ስምንት ሰዓት አልፏል። አንድ ሾፌር የፈታውን ብረት ይዞላት መጣ። አጉባጩ ቁጭ ብሎ አያት። መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቀለች። ከኪሷ ቁልፍ አወጣች። የራሷን የእቃ ሳጥን ከፈተችና የሽቦ ብሩሹን አነሳች።

"ብሩሹ እዚያ ነው የሚቀመጠው?" አለ። ድምፁ ቀጠነበት።

"አንተ ከታመምክ ጀምሮ። ብሩሽ ካገኘህ ብረት ታነሳለህ፣ ብረት ካነሳህ እሳት ታነዳለህ። የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሽምጠጣ።" ጭቃውን ፈተገች፣ ጫፉን ወደ ብርሃን ገልበጥ አደረገች። "ሁለት" አለች ጮክ ብላ።

ቅዳሜ ሳጥኑ ዝግ ነበር። ቁልፉ ከእሷ ጋር ዘይት ሊገዛ ሄዷል። ብሩሽ ካልነበረ ጭቃው አልተራገፈም፣ ጭቃው ካልተራገፈ ነጥብ አልታየም። ራሱን የሚያታልልበት ቀዳዳ አልቀረለትም። ተነስቶ ወጣ፣ ታክሲ አስቆመ።

ታክሲው ውስጥ ሆኖ ሹፌሩን "ፍጠን" አለው፣ ወዲያው ደግሞ "ቀስ በል፣ ሰው እንዳትገጭ" አለው። ሹፌሩ በመስተዋት አየው። ትምህርት ቤቱ በር ላይ ሲደርሱ ዘጠኝ ሰዓት ከሃያ አምስት ነበር። አውቶቡሱ ተማሪዎቹን ጭኖ ሞተሩ ተነስቷል። አጉባጩ ከፊቱ ሄዶ ቆመ።

አማቹ መስኮቱን ዝቅ አደረገ። "ጋሼ? ምነው፣ እህቴ ደህና ናት?"

"ደህና ናት። ሞተሩን አጥፋ።"

"ሰዓቴ እኮ ደርሷል።"

"አጥፋ አልኩህ። ባሌስትራውን ማየት አለብኝ።"

አማቹ ሳቀ፤ ሰው ፊት የሚሳቅ፣ በጥርስ ብቻ የሚሳቅ ሳቅ። ወርዶ ወደ ጆሮው ተጠጋ። "ቅዳሜ ሠርተኸው የለም እንዴ? ልጆቹ ፊት አታሳፍረኝ።"

"ነጥቡን አልቆጠርኩም።"

የሰውየው ሳቅ ከፊቱ ላይ ቀስ ብሎ ጠፋ። ሞተሩን አጠፋ። ራሱ ሊያይ በጉልበቱ ተንበረከከ፣ ደረቱን መሬት ላይ አደረገ፣ ሆዱ ግን አልገባም አለ። ሌላ ቀን ቢሆን ሁለቱም ለሳምንት ይስቁበት ነበር። "እኔ እገባለሁ" አለ አጉባጩ። በጀርባው ተኛና በግራ ክንዱ እየተሳበ ከአውቶቡሱ ሥር ገባ።

ዋናው ብረት ጫፉ ከሥሩ ካሉት አጫጭሮቹ ወጣ ስለሚል ከታች ይታያል። ጭቃ ይዟል። የቤቱን ቁልፍ ከኪሱ አውጥቶ ፋቀው። ቀኝ እጁ አልታዘዝ ስላለው ወደ ግራው አዛወረ። ከላይ ልጆቹ ወንበር ለወንበር ይሯሯጣሉ፤ ወለሉን በረገጡ ቁጥር ብረቱ የፀጉር ያህል ዝቅ ከፍ ይላል፣ ይህንን ከፊቱ በላይ ያየዋል። አንድ። ሁለት። ሦስት። ሦስቱም ያረጁ፣ ዝገት የሞላቸው ናቸው። ከእነሱ ወረድ ብላ ደግሞ አንዲት አዲስ አለች፤ ታበራለች፣ ትንሽም ተንጋዳለች። የደካማ እጅ ነጥብ ናት። ጭንቅላቱ መቁጠሩን ሲረሳ እጁ መምታቱን አልረሳም ነበር።

ስንጥቅ ፈለገ። ብረቱን ከጫፍ እስከ መሐል በጣቱ ዳበሰው። አንድም ስንጥቅ የለውም፤ እንዲያውም ቆንጆ ሥራ ነበር፣ ጉብጠቱ እኩል፣ ገጹ ጥሩ። ዓመት ሊቆይ ይችላል። ዛሬ ቁልቁለቱ ላይም ሊሰበር ይችላል። ከዚህ ሥር ያለው እሱ ብቻ ነው፤ የሚያየውም እሱ ብቻ። "ሦስት" ካለ ሁሉም ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ ነገ ማለዳ ምክንያት ፈልጎ በዝምታ ይቀይረዋል። አንድ ቁልቁለት ብቻ ነው። ይህን አሰበው፤ አላሰበውም ብል ውሸት ይሆንብኛል። እንደውም ቃሉን ምላሱ ላይ አደረሰው።

"ስንት ነው ጋሼ?" አሉ ከጎማው አጠገብ የሚታዩት ጉልበቶች።

"አራት።"

"አልሰማሁህም፣ ልጆቹ ይጮሃሉ። ስንት?"

ሁለተኛው ከመጀመሪያው ከበደ። አቧራ የተቀላቀለ አየር ሳበ። "አራት ነው። አውርዳቸው።"

ልጆቹ ወረዱ። ቦርሳቸውን እየጎተቱ፣ ገሚሱ ደስ ብሎት፣ ገሚሱ እናቴ ትቆጣኛለች እያለ ወረደ። ዳይሬክተሯ ወጥታ ለወላጆች ስልክ መደወል አስጀመረች። አማቹ አጥሩን ተደግፎ ቆመ፤ ላቡ በአንገቱ ይወርዳል። "አምስት ጊዜ ተመላልሻለሁ" አለ። "ከሰኞ ጀምሮ አምስት ጊዜ። አንተን አምኜ።" ቢሳደብ ይሻል ነበር። ስልኩን አብርቶ ለአጉባጩ የእህት ልጅ ደወለላት፣ አዲስ ብረት ይዛ እንድትመጣ።

መጣች። ሰላም አላለችም። ክሪኩን ከአውቶቡሱ ሥር ከትታ አነሳችው፣ ገባች፣ ረጅም ጊዜ ቆየች። ስትወጣ ፊቷ ጭቃ ነበር።

"ቅዳሜ ነው?" አለችው።

"ቅዳሜ።"

"ብሩሹን የቆለፍኩት እኔ ነኝ።" ይህን ያለችው ለራሷ ይመስል ነበር።

"ብሩሽ ባይኖር ጥፍር ነበረኝ" አለ አጉባጩ። "ልብ ካላየ ዓይን አያይም። አንቺ የለሽበትም።"

ዳይሬክተሯ ስልኳን ይዛ ወደ እነሱ መጣች። ቀጭን ሴት ናት፤ ጮክ ብላ አትናገርም። "ይህን የሠራው ማነው?" ብላ ጠየቀች።

አጉባጩ አፉን ሲከፍት የእህቱ ልጅ ቀደመችው። እጇን ሱሪዋ ላይ ጠርጋ አንድ እርምጃ ወደ ፊት መጣች። "ጋራዡ የእኛ ነው" አለች። "ኃላፊዋ እኔ ነኝ። የሚጠየቅ ካለ እኔ ልጠየቅ።"

አጉባጩ ዞሮ አያት። እቃዬን ይዤ እሄዳለሁ ያለችው ልጅ ናት እንግዲህ። ቀኑን ሙሉ የፈራት እሷን ነበር፤ ስድቧን አዘጋጅቶ፣ መሄዷን አዘጋጅቶ፣ ባዶውን ጋራዥ እንኳ አይቶ ጨርሶ ነበር። ከፊቱ ቆማ ጥፋቱን ትሸከምልኛለች ብሎ ግን አላሰበም። አፈረ፤ ከአውቶቡሱ ሥር ካፈረው ይበልጥ አፈረ።

"እሷ አልነበረችም" አለ። "እንዳልነካ ከልክላኝ ነበር። ሾፌሩም አለመቁጠሬን አያውቅም። የሠራሁት እኔ ብቻ ነኝ።"

ዳይሬክተሯ ወደ ቀኝ እጁ አየች። ጎኑ ላይ ተንጠልጥሎ ጣቶቹ ብቻቸውን ይንቀሳቀሱ ነበር። "ታመው ነበር?"

"ታምሜ ነበር። አሁንም ታምሜያለሁ።" ይህን ቃል በአራት ወር ውስጥ ለማንም ተናግሮት አያውቅም። "እጄ ሲመለስልኝ፣ ሁሉም የተመለሰልኝ መስሎኝ ነው።"

ሴትዮዋ አዘነችለት፤ ማዘኗ ግን ውሳኔዋን አልለወጠውም። አውቶቡሱ ተስተካክሎ ሌላ ባለሙያ ካላየው አይንቀሳቀስም፣ ሾፌሩም እስከዚያ አይነዳም፣ ከዛሬ ጀምሮ የትምህርት ቤቱ መኪና ሁሉ እናንተ ጋ አይመጣም አለች። አምስት አውቶቡስ ነበራቸው። አጉባጩ "ልክ ነዎት" አለ፤ ከልቡ ነበር። አማቹ አጥሩን ለቆ ወደ መንገዱ ሄደ፤ ጀርባውን ብቻ እያዩት ራቀ።

የእህቱ ልጅ መፍቻዋን አንስታ እንደገና ተንበረከከች። አጉባጩ አጠገቧ ቆመ፣ ሊቀመጥም ሊሄድም አልቻለም።

"ትሄጃለሽ?" አላት።

"የት ልሂድ?" አለች በቁጣ፤ ዓይኖቿ ሞልተዋል። "እኔ እንዳትነካው ያልኩህ እንድትድን ነው። ቀጥቅጠህ ልታሳየኝ የምትሮጥ ሰው መሆንህን አላውቅም ነበር?" በክንዷ ዓይኗን ጠረገች፤ ጭቃው ይባስ ተለቀለቀ። ከቦርሳዋ የእጅ ባትሪ አውጥታ ዘረጋችለት። "ሥሩ ጨለማ ነው፤ አብራልኝ።"

ቀኝ እጁን እንደ ልማዱ ሰነዘረ። ባትሪውን መልሳ ሳበችው።

"በግራህ። ያኛው ይረፍ።"

ከአራት ወር ወዲህ ማንም እንዲህ ሲለው ሳይከራከር ቀርቶ አያውቅም። ቀኙን ኪሱ ውስጥ ከተተ፣ በግራው ተቀበላት፣ ጎንበስ ብሎ አበራላት።